ይህን ሁሉ አልያዝኩም

የምኖርባት ከተማ ስሟ ራሱ ጥምር ነው። በሲያትልና በታኮማ መካከል የተሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ከሁለቱ ከተሞች ስም ቀንጥቦ ሲታክ ተባለ፤ በዙሪያው የሰፈረው ሕዝብም እ.ኤ.አ. በ1990 ራሱን የቻለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም የማረፊያውን ስም ወረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በስሟ ሁለቱም አሉባት፤ በካርታ ላይ ግን ሲያትልም አይደለችም፣ ታኮማም አይደለችም። አዲስ አበባ ሳለሁ የ11ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በአንድ ሆቴል የመንገደኛ ማመላለሻ እነዳለሁ። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበት ነጥብ እምብዛም የለም፤ ካለ ግን አንድ ነው፤ እሱም «እና»ን ወይም «ወይም»ን የያዘ ዐረፍተ ነገር በትክክል እንዴት ይካዳል የሚለው ጥያቄ። ጥያቄው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳለ አምስት ማርክ ነበር። እዚህ ግን የሰው ደመወዝ ሆኖ አገኘሁት።

ታሪኩን ከእናቴ ልጀምር፤ በጊዜ ቅደም ተከተል የኋለኛው እሱ ቢሆንም ቀላሉ እሱ ነውና።

እናቴ በ2016 በዱባይ በኩል መጣች። ያን ጊዜ በአውሮፕላን ውስጥ ለተጓዦች የጉምሩክ መግለጫ ካርድ ይታደል ነበር። ካርዱ ከሚጠይቃቸው ነገሮች በአንዱ መስመር ላይ ስድስት ስሞች በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ተደርድረዋል፤ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ዕፅዋት፣ ዘር፣ ምግብ፣ ነፍሳት። በመስመሩ ጫፍ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «የለም»። በስሞቹ መካከል «እና» አልተጻፈም፣ «ወይም»ም አልተጻፈም። ሁሉንም ሥራ ነጠላ ሰረዝ ነው የሚሠራው። ከእናቴ ጎን የተቀመጠ ወጣት፣ ባለውለታዬ ነው፣ መስመሩን ወደ አማርኛ እየመለሰ «እማማ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ዕፅዋት፣ ዘር፣ ምግብ፣ ነፍሳት ይዘዋል?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ነፍሳት የሚለው ላይ ስትደርስ ተሳቀቀች። «ኧረ በስመአብ፣ ይህን ሁሉ አልያዝኩም» አለችው። ልጁም «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ።

በሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከእነዚህም በታች በነጠላ ተጠቅልሎ ሦስት ኪሎ የሚሆን ቋንጣ ነበረ።

እናቴ ዋሽታለች? የእሷን ቃል እንደ ቃሉ ብንወስደው አልዋሸችም። «ይህን ሁሉ አልያዝኩም» ማለት ከስድስቱ ውስጥ ቢያንስ አንዱን አልያዝኩም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ነፍሳት ደግሞ በእርግጥ አልያዘችም። ሳጥኑ የተረዳው ግን ሌላ ነው። ሳጥኑ «ከስድስቱ አንዱንም አልያዝኩም» ብላለች ብሎ መዘገበ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ይህ በቁጥር የሚነገር ነገር ነው። እያንዳንዱ ስም ወይ ተይዟል ወይ አልተያዘም፤ ስድስት ስሞች ሲሆኑ 64 ዓይነት ሻንጣ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ከ64ቱ ውስጥ በካርዱ ላይ «የለም» ማለት እውነት የሚሆነው ለአንድ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ስድስቱም ለሌሉበት። ለ63ቱ መልሱ «አዎ» ነው። በአንጻሩ «ስድስቱንም አንድ ላይ አልያዝኩም» የሚለው የእናቴ አባባል ለ63 ሻንጣዎች እውነት ሆኖ የሚወድቀው ስድስቱንም ለሞላ ለአንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በ62 ሻንጣዎች ላይ ካርዱ «አዎ» ይጠብቃል፣ እናቴም «ይህን ሁሉ አልያዝኩም» ብትል ሐቀኛ ናት። የእሷ ሻንጣ ከእነዚያ ከ62ቱ አንዱ ነበር።

ብዙ ሰው «አዎ» ከባድ ቃል፣ «የለም» ደግሞ ቀላል ቃል ይመስለዋል። የሚያምን ራሱን ያስራል፣ የሚክድ ይድናል ብለን ይመስላል። በ«ወይም» የተያያዘ ጥያቄ ፊት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። «አዎ» የሚል ሰው የተናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዝርዝሩ አንድ ነገር አለኝ ማለቱ ብቻ ነው፣ የትኛው እንደሆነም አልተናገረም። «የለም» የሚል ሰው ግን በአንድ ቃል ስድስት መሐላ ምሏል። ፍራፍሬ አልያዝኩም፣ አትክልትም አልያዝኩም፣ ዕፅዋትም አልያዝኩም እያለ እስከ ነፍሳት ድረስ ወርዷል፤ ከስድስቱ አንዱ ሐሰት ቢሆን መሐላው በሙሉ ይፈርሳል። በዚህ አገር የጉምሩክ ደንብ ምግብን ደብቆ መግባት እስከ 10,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ይህ መቀጮ የሚያርፈው በያዘው ላይ ሳይሆን ይዞ በካደው ላይ ነው። ይዞ ለተናገረ ሰው ቢበዛ የተከለከለው ነገር ይወሰድበታል እንጂ ቅጣት የለበትም።

እናቴን ያዳናት የመርማሪው ትዕግሥት ነው። ከመዝገቡ ፊት ቆማ ሳለ «ምግብ የለም?» ብሎ በአፉ ደግሞ ጠየቃት። እሷም የምታውቃትን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተጠቅማ «የስ» አለች። ይህም ሌላ ወጥመድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «አልበላህም?» ተብሎ የተጠየቀ ያልበላ ሰው «አዎ» ብሎ ይመልሳል፣ አዎ እንዳልከው ነው ማለቱ ነው። እናቴም «የለም» ያልከው ልክ ነው ማለቷ ነበር። መርማሪው ግን «የስ»ን «አለኝ» ብሎ ሰማውና መግለጫዋን እንድታርም ፈቀደላት። ሁለት ስሕተቶች ተጋጭተው አንድ እውነት ወለዱ። በርበሬውና ሽሮው አለፈ፣ ቋንጣው ቀረ። እኔ ውጭ ቆሜ እየጠበቅሁ ነበር፤ ወጥታ ስትነግረኝ ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ሳቄ ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የሠራሁት ሥራ ትዝ አለኝና። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል።

ሕጉ በደ ሞርጋን ስም ይጠራል። ኦገስተስ ደ ሞርጋን በ1806 ሕንድ ውስጥ ማዱራይ በምትባል ከተማ የተወለደ፣ በለንደን ሒሳብ ያስተማረ እንግሊዛዊ ነው፤ ሥነ አመክንዮን የሚመለከት ዋና መጽሐፉን በ1847 አሳተመ። ነገሩን የፈጠረው ግን እሱ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበረው መነኩሴ የኦክሃሙ ዊሊያም ይኸንኑ ያለ ምንም ምልክት በቃላት ጽፎታል። ከእሱም በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን፣ የስቶይኮቹ መምህር ክሪሲጶስ «ሁለቱም አንድ ላይ አይሆኑም፤ የፊተኛው ሆኗል፤ ስለዚህ የኋለኛው አልሆነም» የሚለውን አመክንዮ ከመሠረቶቹ እንደ አንዱ ይቆጥረው ነበር። ሕጉ ሁለት ክንድ አለው። በ«ወይም» የተያያዘውን ስትክድ እያንዳንዱን ትክዳለህ፣ «ወይም»ም «እና» ይሆናል። በ«እና» የተያያዘውን ስትክድ ደግሞ ቢያንስ አንዱን ትክዳለህ፣ የትኛውን እንደሆነ ሳትናገር፤ «እና»ም «ወይም» ይሆናል። አሉታ ወደ ጥምሩ ውስጥ ሲገባ አያያዡን ሳይገለብጥ አያልፍም።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር በቃል ይሸመድዱታል፤ ችግሩ ሲሠሩበት ነው። ሁልጊዜ የምሰጣቸው አንድ ጥያቄ ነበረችኝ። «ቁጥሩ ለሁለት ይካፈላል እና ከ10 ይበልጣል» የሚለውን ካዱልኝ እላቸዋለሁ። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው «ቁጥሩ ለሁለት አይካፈልም እና ከ10 አይበልጥም» ብሎ ይጽፋል። «እንግዲያው 8 የት ገባ? 13ስ?» እላቸዋለሁ። 8 ለሁለት ይካፈላል፣ ከ10 ግን አይበልጥም፤ 13 ከ10 ይበልጣል፣ ለሁለት ግን አይካፈልም። ሁለቱም የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አያሟሉም፤ በተማሪዎቹ ክህደት ውስጥም የሉም። የትም ያልተመዘገቡ፣ አገር የሌላቸው ቁጥሮች ሆነው ይቀራሉ። በትክክል ሲካድ «ቁጥሩ ለሁለት አይካፈልም ወይም ከ10 አይበልጥም» ነው፤ ያን ጊዜ 8ም 13ም ቤታቸው ይገባሉ። በዚህች ጥያቄ እኮራ ነበር፤ የትኛውም ተማሪ ካየ በኋላ አይረሳትም እል ነበር። ተማሪ አይረሳት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አላደረግሁም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለነበር ሕጉን በእንግሊዝኛ አስተምሬ በእንግሊዝኛ ፈተንኩ፤ በአማርኛ ስንክድ ምን እንደምናደርግ ጠይቄ አላውቅም። አሁን በማመላለሻው ውስጥ መንገደኛ ስጠብቅ ጊዜ አለኝና እጠይቃለሁ።

አማርኛ አሉታን ግሡ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ግሡን ደግሞ መጨረሻ ላይ። ስለዚህ ሰሚው ዝርዝሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው መካዱን የሚያውቀው። «ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ዕፅዋት…» ሲባል ገና አልታወቀም፤ «አልያዝኩም» ሲመጣ ነው ነገሩ ሁሉ የሚገለበጠው። ክህደቱ የመጨረሻውን ብቻ ይነካ፣ ሁሉንም በአንድነት ይነካ ወይስ እያንዳንዱን በተናጠል ይነካ፣ ግሡ ራሱ አይነግረንም። የሚነግረን ትንሿ «ም» ናት። «ሻይም ቡናም አልጠጣም» ያለ ሰው የደ ሞርጋንን አንደኛ ክንድ ሳያውቀው ፈጽሞታል፤ ሻይ አይጠጣም፣ ቡናም አይጠጣም። «ሻይም ቡናም እጠጣለሁ» ቢል ደግሞ ሁለቱንም ይጠጣል። «ም» በአዎንታም በአሉታም ቦታዋን አትለቅም፤ እያንዳንዱ ስም አጠገብ ቆማ ክህደቱን ለየራሳቸው ታካፍላለች። ይህን ያህል ጥርት ያለ መሣሪያ ብዙ ቋንቋ ያለው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ክንድ ላይ ግን እንቸገራለን። «ሁለቱንም አልወሰድኩም» ያለ ሰው ምን ማለቱ ነው? በሆቴሉ ውስጥ ያሉ ወገኖቼን እየዞርኩ ጠይቄአለሁ፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን «አንዱንም አልወሰደም» ብለው ይሰማሉ። አንዱን ወስጄ አንዱን ትቻለሁ ለማለት የፈለገ ሰው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አለበት፤ «የወሰድኩት ሁለቱንም አይደለም»፣ ወይም «አንዱን እንጂ ሁለቱንም አልወሰድኩም» ማለት አለበት። «ሁሉም አልመጡም»ም እንዲሁ ነው፤ ማንም አልመጣም ነው ወይስ የቀረ አለ? አሉታውን ከግሡ አውጥተን «የመጡት ሁሉም አይደሉም» ስንል ብቻ ነው የሚጠራው። እንግዲህ ቋንቋችን «ከሁሉ አንዱም» ለሚለው ክህደት አስፋልት ሠርቶ «ሁሉም ባይሆን» ለሚለው ክህደት የበግ መንገድ ትቶለታል። በበግ መንገድ መሄድ የማይወድ ሰው በአስፋልቱ ሄዶ ያልፈለገበት ቦታ ይደርሳል።

እግረ መንገዴን አንዲት ቃል ላንሳ። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ በአንድ መንገድ ከተረጎሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ያመጣሉ፣ ከዚያም ሌላ። በመልክ «አንድም» የ«ወይም» ዘመድ ናት፤ አማራጭ የምታቀርብ ትመስላለች። በግብር ግን «እና» ናት፤ ፊተኛውን ሳትሽር ኋለኛውን ትጨምራለች፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይወጣል። በ«አንድም» የተያያዘ ነገር እንዴት ይካዳል ብዬ አስቤ አላገኘሁለትም። ለመካድ የተሠራች ቃል ስላልሆነች ይመስለኛል።

ወደ ከተማዬ ልመለስ። ኅዳር 5 ቀን 2013 የሲታክ መራጮች «አዋጅ አንድ» በሚባለው የሕዝብ ውሳኔ ላይ ድምፅ ሰጡ። ጥያቄው በአውሮፕላን ማረፊያውና በዙሪያው የሚሠሩ የሆቴልና የመጓጓዣ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ይሁን የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥር በአሜሪካ በሕግ ደረጃ አልተሰማም ነበር፤ የዋሽንግተን ግዛት ዝቅተኛ ደመወዝ ከጥር 1 ቀን 2014 ጀምሮ 9 ዶላር ከ32 ሳንቲም ነበር። ድምፁ ተቆጥሮ፣ እንደገናም ተቆጥሮ፣ አዋጁ በ77 ድምፅ ብልጫ አለፈ። በማረፊያው ግቢ ውስጥ ለሚሠሩት ክርክሩ በፍርድ ቤት ቀጥሎ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2015 በአምስት ለአራት ድምፅ እስኪወስንላቸው ድረስ ጠበቁ። ከግቢው ውጭ ባለን ሆቴሎች ግን ሕጉ በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ቀን ሥራ ላይ ዋለ።

በዚያ ታኅሣሥ የሐበሻ ቡና ቤቶች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። በኢንተርናሽናል ቡለቫርድ ላይ ባለች አንዲት ቡና ቤት ሰባት ያህል ሆነን ተቀምጠን ሳለ ሕጉ የትኞቹን ሆቴሎች ይመለከታል የሚል ጥያቄ ተነሣ። መምህር ነበርኩና ፊቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ። ሕጉ የሚመለከተው 100 ወይም ከዚያ በላይ ክፍሎች እና 30 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉትን ሆቴል ነው። ይህን እንዳለ ብናገር ኖሮ በቂ ነበር። እኔ ግን ነገር ላቀልል ብዬ ካድኩት፤ የማይመለከታቸውን ልንገራችሁ አልኩ። «ትንንሾቹን አይመለከትም» አልኩ። «ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?» አለኝ አንዱ። «ከ100 ክፍል በታችና ከ30 ሠራተኛ በታች የሆኑት ናቸው» ብዬ መለስኩ።

ያቺ «ና» ናት። ያቺን «ና» በተማሪ ወረቀት ላይ ባያት በቀይ እስክሪብቶ አከብባት ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራት፣ የሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሴት ነበረች። «የእኛ እኮ 110 ክፍል አለው» አለች። «እንግዲያው ትንሽ አይደለም እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳት። ሁሉም እንኳን ደስ ያለዎት አሏት፤ የቡናውን ሒሳብም በግድ ከፈለች።

እንደ እኔ አነጋገር ከሆነ እትዬ ትክክል ናት። «ከ100 በታች እና ከ30 በታች» የሆነውን ብቻ ነው ያወጣሁት፤ 110 ክፍል ያለው ሆቴል ከ100 በታች አይደለም፣ ስለዚህ ከወጡት ውስጥ የለም። አመክንዮዋ እንከን የለውም፤ እንከኑ ያለው እኔ በሰጠኋት መነሻ ላይ ነው። በሕጉ ግን ከሁለቱ አንዱ መጉደሉ ብቻውን ሆቴሉን ያስወጣዋል። «እና» ባለበት ሕግ ለመግባት ሁለት በር ማለፍ ያሻል፤ ለመውጣት ግን አንዱ በር መዘጋቱ ይበቃል። የእትዬ ሆቴል የ13 ዓይነት ነበር፤ ከ10 ይበልጣል፣ ለሁለት ግን አይካፈልም። ሕጉ «100 ክፍል ወይም 30 ሠራተኛ» ቢል ኖሮ ከነሙሉ ሠራተኛው ይገባ ነበር። አርቃቂዎቹን አልወቅስም፤ ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት፤ በ77 ድምፅ ያለፈ አዋጅም ከዚያ በላይ ሰፋ ቢል ምን ይገጥመው እንደነበር ማን ያውቃል። የምወቅሰው መስመሩ የት እንደተሰመረ አንብቦ ሌላ ቦታ ላይ ያሳየውን ሰው ነው።

ልዩነቱ በሰዓት 5 ዶላር ከ68 ሳንቲም ነው፤ በሁለት ሳምንት ቼክ 80 ሰዓት ለሠራ ሰው 454 ዶላር ከ40 ሳንቲም። እትዬ በታኅሣሥ መጨረሻ ከአንድ መኝታ ቤት ወጥታ ባለሁለት መኝታ ተከራየች፤ ልጇ ከጎንደር ልትመጣላት ሂደቱ ተጠናቅቆ ነበርና። የመጀመሪያው የጥር ቼክ በ9 ዶላር ከ32 ሳንቲም ተሰልቶ መጣ። ስሕተት ነው ብላ ሁለተኛውን ጠበቀች። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ቢሮ ገብታ ጠየቀች፤ ሕጉ እኛን አይመለከትም አሏት። እሷም ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ነገረቻቸው፤ በየቀኑ የምታጸዳቸው ክፍሎች ናቸው፣ የሚያስተምራት አያሻትም። የሆቴሉን ስም አልጽፍም፤ ያሏትም ነገር በሕጉ መሠረት ልክ ነበር። እኔ የምሠራበት ሆቴል ሁለቱንም በር የሚያልፍ ስለነበር የእኔ ቼክ በ15 ዶላር መጥቷል። ይህንንም ታውቃለች።

በየካቲት አንድ ምሽት ማመላለሻውን አቁሜ ስወርድ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አልጮኸችም። «መምህር፣ እያወቅህ አልነገርኸኝም» አለችኝ።

አማርኛ ሁለተኛውን ክንድ በበግ መንገድ ይልከዋል ብያለሁ፤ አንድ ሌላ ዓይነት ክህደት ግን አለ፣ ቋንቋችን ከማንም በላይ የሚያቀናው። «ከ… ይ…» የሚለው የውል አነጋገር እንዴት ይካዳል? ተማሪዎቼ «ከዘነበ እመጣለሁ» የሚለውን ሲክዱ «ከዘነበ አልመጣም» ይላሉ፤ ስሕተት ነው። ቃሉ የሚፈርሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዘንቦ ሳለ ሳይመጣ ሲቀር። ክህደቱ ውል አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው፤ አንዱ ሆኗል፣ ሌላው አልሆነም። በሌላ ቋንቋ ይህን ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ሠንጠረዥ እሥል ነበር። በእኛ ቋንቋ የሚወቅስ ሰው ሁሉ ሳይማር ይለዋል፤ «ሥራ እያለ አልጠሩኝም»፣ «ቤት ሆኖ አልከፈተልኝም»፣ «እያወቅህ አልነገርኸኝም»። ከእያንዳንዱ ወቀሳ ጀርባ ያልተጻፈ ውል አለ፤ ሥራ ካለ ይጠሩኛል፣ ቤት ካለ ይከፍትልኛል፣ ካወቀ ይነግረኛል። ወቀሳው የውሉ ትክክለኛ አሉታ ነው፤ ፊተኛው ሆኗል እና ኋለኛው አልሆነም።

ደጃፉ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ አላሰብኩም፤ አሁን ነው የማስበው። ያን ጊዜ ያደረግሁት የተከሰሰ ሰው የሚያደርገውን ነው። የእሷ ክስ በ«እና» የተያያዘ ነው፤ ታውቅ ነበር፣ እና አልነገርከኝም። ለመካድ አንዱን መካድ ይበቃል። አልነገርኩዎትም እንዳልል ነግሬአታለሁ፤ የነገርኳት ሐሰት ነው እንጂ። አላወቅሁም እንዳልል ሕጉን አንብቤአለሁ፣ የክህደቱንም ደንብ ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ያላወቅሁት የእሷ ሆቴል ስንት ሠራተኛ እንዳለው ብቻ ነው። ከሁለቱ በሮች የሚቀለኝን መረጥኩ።

«አላወቅሁም ነበር እትዬ» አልኳት። «የሠራተኛውን ቁጥር አላወቅሁም።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ ወጥ ቤት፣ መቀበያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ክፍል አጽጂዎች።

«እኔን ጨምሮ 24 ነን» አለች። «ብትጠይቀኝ እቆጥርልህ ነበር።»